የድረ ገጽ መልክና የአንባቢ ፍርድ

ሰው የሚያነበውን ነገር ከማመኑ በፊት መመርመር እንደሚገባው የሚክድ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብዬ አልገምትም። ይሁን እንጂ መመርመር እንደሚገባ ማወቅና መርምሮ መገኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዛሬ አብዛኛውን ንባባችንን የምናገኘው ከኢንተርኔት ስለ ሆነ፣ የገጹ መልክ በፍርዳችን ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ማጥናት ያስፈልጋል። የዚህች ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ በአጭሩ እንመልከት። ዌብ የሚባለውን አሠራር በ1989 ያቀደው ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የሚሠራው በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ተቋም ነበር። አሳቡም ሊቃውንት ጽሑፎቻቸውን በቀላሉ እንዲለዋወጡ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሥዕልም ጌጥም አልነበረበትም፤ የነበረው ጽሑፍና ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚያሻግር ማያያዣ ብቻ ነው። በ1993 ሰርን አሠራሩን ያለ ክፍያ ለሁሉ ለቀቀ። በዚያው ዓመት የወጣው ሞዛይክ የተባለው ፕሮግራም ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ ማሳየት በመቻሉ፣ ዌብ ከሊቃውንት ክፍል ወጥቶ ወደ ሕዝብ ገባ። ከዚያ ወዲህ ገጽን ማሳመር ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ።

ማሳመር በራሱ ነውር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ገጹን በዐምድ ከፍለው፣ ኅዳጉን ሰፊ አድርገው፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ይህ ሁሉ ለአንባቢ መሪ ነው። ችግር የሚመጣው መልክ ለይዘቱ ምስክር ሆኖ ሲቆጠር ነው።

ይህም በግምት የተነገረ አይደለም። ቢ. ጄ. ፎግ የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2002 ባወጡት ጥናት፣ 2,684 ሰዎች ሁለት ሁለት ድረ ገጾችን እያነጻጸሩ የትኛው ይበልጥ እንደሚታመን እንዲፈርዱና ምክንያታቸውን እንዲጽፉ ተጠይቀው ነበር። ከሰጡት አስተያየት ውስጥ 46.1 በመቶው ስለ ገጹ መልክ፣ ማለት ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፊደሉ ቅርጽና ስለ አደራደሩ የሚናገር ሆኖ ተገኘ። ከሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ ይህ በለጠ። እንግዲህ ሰው እንግዳን በልብሱ እንደሚገምት፣ ጽሑፍንም በልብሱ ይገምታል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ረቅቋል። በ1990ዎቹ እንደ ጂኦሲቲስ ባሉት ስፍራዎች ሰው ሁሉ የራሱን ገጽ በራሱ እጅ ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ ገጾች ዐይን የሚያደክሙ ነበሩ፤ ነገር ግን ጉድለታቸው ራሱ ስለ ሠሪያቸው አንድ ነገር ይናገር ነበር። ፌስቡክ በ2004 ከተመሠረተ በኋላ ግን፣ እርሱና እርሱን የመሰሉት ለጸሐፊው ሁሉ አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ አለበሱት። የሐኪሙ ምክርና የመድኃኒት አጭበርባሪው ማስታወቂያ፣ የጋዜጠኛው ዜናና የአሉባልተኛው ፈጠራ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ሳጥን ውስጥ ተሰልፈው ይመጣሉ። ስለዚህ የቀድሞው አንባቢ በመልክ ሲታለል፣ የዛሬው ደግሞ በመልክ መመሳሰል ይታለላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቁልፎቹ አሠራር ነው። በ2009 ፌስቡክ የመውደድ ቁልፍን፣ ትዊተር ደግሞ የሌላውን ቃል በአንድ ንክኪ መልሶ የሚያሰራጭ ቁልፍን አወጡ። ቀድሞ የሰውን ቃል ለማስተላለፍ መገልበጥ ያስፈልግ ነበር፤ በምንገለብጥበት ጊዜ የምናስብበት ቅጽበት ነበረ። ቁልፉ ይህችን ቅጽበት ወሰዳት። የቅጽበቲቱ ዋጋ በ2020 ታየ። ትዊተር፣ አንባቢው ያልከፈተውን ጽሑፍ ሊያሰራጭ ሲል «ጽሑፉን ሊያነቡት ይፈልጋሉ?» የሚል ማሳሰቢያ እንዲያይ ባደረገ ጊዜ፣ ማሳሰቢያውን ያዩት ሰዎች ጽሑፉን የመክፈት ልማዳቸው በ40 በመቶ መጨመሩን አስታውቋል። የሰዎቹ አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የገጹ ሥራ ብቻ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «በጥንቃቄ ማንበብ ነው» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ግን ሙሉ አይደለም። ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማግሩ በ2017 ባወጡት ጥናት 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 የዜናን እውነትነት የሚያጣሩ ባለሙያዎችንና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችን ፈተኑ። ከቀረቡላቸው ገጾች አንዱ በ1930 የተመሠረተውና ብዙ አሥር ሺህ አባሎች ያሉት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ገጽ ሲሆን፣ ሌላው በአመለካከት ተለይተው የወጡ ጥቂት ሐኪሞች በ2002 ያቋቋሙት፣ «የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅ» የሚባለው ትንሽ ማኅበር ገጽ ነበር። ሁለቱም ገጾች ያማሩ ናቸው። ከተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ትንሹን ማኅበር ይበልጥ የሚታመን ነው ብለው ፈረዱ፤ ከታሪክ ምሁራኑም የተወናበዱ ነበሩ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ገና ሳያነቡ ትተውት ወጥተው፣ ሌሎች ስለ ባለቤቱ ምን እንደሚሉ ፈልገው አገኙ፤ ከዚያ በኋላ ተመለሱ። ተመራማሪዎቹ ይህን ወደ ጎን ማንበብ ብለውታል።

ይህ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍና ለታሪክ ተማሪዎች ልዩ ትምህርት አለው። ሰምና ወርቅ እየፈታን ያደግን እንደ መሆናችን፣ ጽሑፍን ይዘን ወደ ጥልቁ መቆፈር እንወዳለን። በቅኔ ቤት ይህ ትክክል ነው፤ ቅኔውን የዘረፈው ማን እንደ ሆነ ይታወቃልና። ባለቤቱ ባልታወቀ ገጽ ላይ ግን መቆፈር፣ ገጹ ባዘጋጀልን ጉድጓድ ውስጥ መግባት ነው። ይልቅስ የትርጓሜ መምህራን «አንድም» እያሉ ከአንዱ ፍቺ ወደ ሌላው መሻገራቸው ለዚህ ሥራ የተሻለ ምሳሌ ይሆነናል።

በአማርኛ ለሚያነብ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሥርዐት ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ተስማሚው የፊደል ፕሮግራም የሌለው ሰው የአማርኛ ገጽ ቢከፍት የሚያየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነበር። ዛሬም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በአማርኛ የሚገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ወደ ጎን ለማንበብ ስንሞክር አንዱን ዐረፍተ ነገር በዐሥር የቴሌግራም ገጾች ላይ ተገልብጦ እናገኘዋለንና፣ ዐሥር ምስክር ያገኘን ይመስለናል። ነገር ግን ከአንድ ሰው ሰምተው የመጡ ዐሥር ሰዎች በሸንጎ ፊት አንድ ምስክር እንጂ ዐሥር አይደሉም። ሽማግሌዎቻችን «አየህ ወይስ ሰማህ?» ብለው የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የዚህ ገጽ ባለቤት ማን ነው? ሁለተኛ፣ ያቀረበው ማስረጃ የራሱ ነው ወይስ የተገለበጠ? ሦስተኛ፣ ከእርሱ ጋር ጥቅም የማይጋሩ ሌሎች ምን ይላሉ? እነዚህን ለመመለስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ጉዳዩ የፈተና ወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። በየቤተ ሰባችን የተማረ ተብሎ የሚታመነው እኛ ነን። እናት ስለ ልጅ ሕመም የመጣላትን ምክር፣ አጎት ስለ ጎረቤት ሕዝብ የደረሰውን ክፉ ወሬ ልከው «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብለው የሚጠይቁት እኛን ነው። ከመልሳችን የተነሣ ሕፃን ክትባት ሊቀርበት፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሊነሣ ይችላል። አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለዋል። መላ የምንጨምርበትን ቅጽበት ቁልፉ ወስዶብናል፤ መልሰን ልንይዛት የምንችል ግን እኛው ነን። ስለዚህ የማናውቀውን ነገር «ቆዩኝ፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» ማለትን የተማሪ ወግ እናድርገው።