አጥር የሌለው መሬት፦ ስለ አዳኞችና ስለ ግል ይዞታ



በዚህ የትምህርት ዓምድ ስለ ቤት ኪራይ ውል፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤትና ስለ ብርድ ወራት አለባበስ ከዚህ ቀደም ጽፈናል። የዛሬውን ርእስ ያስነሣን ግን በካኩማ ካምፕ አብሮን ይኖር ከነበረ አንድ ወገናችን የደረሰን ደብዳቤ ነው።

ይህ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በሜይን ስቴት፣ በፖርትላንድ ከተማ ቤት ተከራይቶ ሲሠራ ቆይቶ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ከከተማው ራቅ ባለ ገጠር ጫካ ያለበት ቦታ ከነቤቱ ገዛ። በኅዳር መግቢያ አንድ ማለዳ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ከጓሮው ባሻገር ካለው ጫካ ሲወጡ አየ። ባለቤቱ ልጆቹን ወለል ላይ አስተኛቻቸው፤ መብራቱን አጠፉ። «ከምን እንደ ሸሸን እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል ደብዳቤው። ፖሊስ ተጠርቶ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ «ምልክት ለጥፈሃል ወይ?» የሚል ነበር። ወገናችን አልለጠፈም። እነዚያም ሰዎች የጣሱት ሕግ አልነበረም።

ደብዳቤውን ያነበብን ሁሉ መጀመሪያ ተቆጣን። ሰው በገንዘቡ በገዛው መሬት ላይ እንዴት ጠመንጃ ይዞ ሌላ ሰው ይገባል? ግን ጥቂት ቆም ብለን ብናስብ ነገሩ ለእኛ ለካኩማ ሰዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። እዚህ ስንመጣ በታራች ወንዝ ዳር ያለው ዛፍ ሁሉ ባለቤት የሌለው መስሎን አልነበረም? አጥር የለውም፤ ምልክት የለውም። በቱርካናዎች ዘንድ ግን የወንዝ ዳር ዛፍ ኤክዋር በሚባለው ልማድ የቤተሰብ መብት አለበት፤ በድርቅ ወራት ፍሬውን ለፍየሎቹ የሚያራግፈው ማን እንደ ሆነ አገሬው ሁሉ ያውቃል። ለማገዶ ወይም ለአጥር ቅርንጫፍ ቆርጦ የተጣላ ሰው ይህን የተማረው ከጠቡ በኋላ ነው። በሜይን የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ባለቤቱ ይታወቃል፣ መግባቱ ግን በልማድ ክፍት ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ መለየት ያለበት ይህ ነው። በአሜሪካ ሕግ የዱር አውሬ የመሬቱ ባለቤት ንብረት አይደለም። አጋዘኑ በጓሮህ ቢግጥም የሕዝብ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ስቴቱ ነው። ስለዚህ በገዛ መሬቱም ቢሆን ማንም እንዳሻው አይገድለውም፤ የአደን ወቅት፣ ገደብና በአብዛኛው ፈቃድ አለው። መሬቱ ግን የግል ነው። አዳኙ አውሬውን የመግደል ፈቃድ ከስቴቱ ቢያገኝም፣ በሰው መሬት ላይ ለመግባት ሌላ ፈቃድ ያስፈልገው እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚወስነው የየስቴቱ ሕግ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያልና።

በሜይን ምልክት ያልተለጠፈበት ጫካ በልማድ ለአዳኝ ክፍት ነው። በቬርሞንት ባልታጠረ መሬት ላይ የማደን ነፃነት እ.ኤ.አ. ከ1777 ጀምሮ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ተጽፏል። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) በሚኒሶታ የእርሻ መሬት ከሆነ ምልክት ባይኖርም ማስፈቀድ ግድ ነው። ወደ ቴክሳስ ብትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ አገሩ ከሞላ ጎደል የግል ይዞታ ስለ ሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማደን ከባድ ወንጀል ነው። በዚያ ከ1997 ጀምሮ በዛፍ ወይም በአጥር እንጨት ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም «አትግባ» ከሚል ጽሑፍ ጋር እኩል ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቀለሙን ማወቅ አለበት።

ደብዳቤ ጸሐፊያችን ለሚኖርበት ስፍራ ግን ሊታወቅ የሚገባ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በኅዳር 1988 በዚያው በሜይን፣ ባንጎር አጠገብ በምትገኘው ሄርመን፣ ከሌላ ስቴት ከመጣች ብዙም ያልቆየች የመንታ ሕፃናት እናት በገዛ ቤቷ ጓሮ በአዳኝ ጥይት ተመትታ ሞተች። ነጭ የእጅ ሹራብ አድርጋ ነበር። የዚያ አገር አጋዘን ሲሸሽ ጭራውን ያነሣል፤ ከሥሩ ነጭ ነው። ተኳሹ ተከሶ በ1990 ጁሪው ነፃ ለቀቀው። ከአገሬው ብዙ ሰው «ብርቱካናማ ልብስ መልበስ ነበረባት» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ሰው በጓሮው ለመቆም ልብስ ይመረጥለታል ወይ?» ብሎ ተቆጣ። በ1991 ስቴቱ አዳኝ ከመተኮሱ በፊት የሚተኩስበትን ነገር በእርግጥ እንዲለይ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። እኛ ከሁለተኞቹ ጋር ነን። ይሁን እንጂ ሕጉ ተኳሹን ሊቀጣ ይችላል እንጂ የሞተን አይመልስም፤ ስለዚህ ብርቱካናማውን ልበሱ እንላለን።

ምን ይደረግ? በሜይን አዳኞች በጠመንጃ የአጋዘን አደን ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ኮፍያና ሰደርያ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። የዚያ ዓይነት ሰደርያ ውድ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ይገዛ። አደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ስለ ሆነ፣ በጨለማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁ ልጆች ከማንም ይልቅ ያስፈልጋቸዋል። ነጭ ነጠላ ለብሶ ወደ ጫካ መውጣት በዚያ ወር ይቅር። በቤት አጠገብ በ100 ያርድ ውስጥ (90 ሜትር ያህል ነው) ያለ ነዋሪው ፈቃድ መተኮስ ክልክል ነው፤ እሑድም አደን የለም፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ይህን ክልከላ አጽንቶታል። ልጆች ጫካ ውስጥ መጫወት ቢፈልጉ እሑድ ይሻላል ማለት ነው። ሰው እንዲገባ ያልፈለገ ባለቤት በድንበሩ ዙሪያ ምልክት ይለጥፍ ወይም ሐምራዊ ቀለም ይቀባ፤ በምን ያህል ርቀት እንደሚለጠፍ የማዘጋጃ ቤቱ ወይም የአደን ጥበቃ ሠራተኛው ይነግራል።

አዳኝ ስታዩ አትሩጡ፤ ከዛፍ ኋላም አትደበቁ። ድምፃችሁን አሰሙ፣ እጃችሁን አውለብልቡ፣ ይለያችሁ። ሆን ብሎ በጩኸት አውሬ ማባረርና ሕጋዊ አዳኝን ማወክ ግን በሁሉም ስቴት ወንጀል ነው። የተከለከለ ቦታ የገባ ካለ የአደን ጥበቃ ፖሊስ ይጠራ፤ ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር ራሳችሁ አትከራከሩ።

የነገሩ ሌላ ገጽታም አለ፤ እርሱም እኛው ራሳችን ድንበር ተሻጋሪ የምንሆንበት ነው። በአገራችን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ በማንም ማሳ ላይ ከብት ይሰማራል፤ በእርሻ መካከል አቋራጭ መንገድ አለ። ከ1975 ወዲህ ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲባል አድገናል። ይህን ይዞ የሄደ ሰው በሌላው ጫካ ማገዶ ሲለቅም ወይም አቋርጦ ሲሄድ ጥፋት መሆኑ አይታየውም። በ2004 በዊስኮንሲን በግል መሬት ላይ የአዳኝ ማማ ላይ በተገኘ፣ ከላኦስ በመጣ ስደተኛና በመሬቱ ሰዎች መካከል ጠብ ተነሥቶ ስድስት ሰዎች በጥይት ሞቱ፤ ሁለት ቆሰሉ። መጀመሪያ ማን ተኮሰ በሚለው ላይ የሁለቱ ወገን ቃል ተለያየ፤ ስደተኛው ግን በ2005 የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደበት። ስድብ ተሰንዝሮበት ነበር ይባላል፤ ቢሆንም «ውጣ» ሲባል መልሱ መውጣት ነው። አቤቱታ በኋላ ይደርሳል።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ወገናችን ምልክቱን ከመለጠፉ በፊት ባለቤቱ ድፎ ዳቦ ጋግራ ከሁለቱ አዳኞች ወደ አንደኛው ቤት ይዘው ሄዱ፤ የቅርብ ጎረቤታቸው ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ቤቱ ሰው እንደ ገባበት አላወቀም ነበር። ልጆቹ ወለል ላይ መተኛታቸውን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። አሁን ከመውጣቱ አስቀድሞ ይደውላል፤ ምልክቱም ላይ «በፈቃድ ብቻ» የሚል ተጽፏል።

በወሩ መጨረሻ ጎረቤትየው አንድ የአጋዘን ታፋ አመጣላቸው። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለ ነበር ታፋው እስከ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል። ወገናችን በደብዳቤው መጨረሻ፣ በጥይት የወደቀና ማንም ያልባረከው ሥጋ ይበላ እንደ ሆነ ጠይቆናል። ይህን እኛ አንመልስም፤ ለካምፑ ካህን አስተላልፈነዋል።