የግዴታ ትምህርት የማን ግዴታ ነው?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ ወረዳዎች ከሰበካ ጉባኤ አባላትና ከወላጆች ጋር ስለ ልማት ሥራ ስንወያይ፣ ነገሩ ከምንጭ ማጎልበትና ከእርከን ሥራ ተነሥቶ ወደ ልጆች ትምህርት መድረሱ አይቀርም። ሁለት ጥያቄዎች ዘወትር ይነሣሉ። አንደኛው፣ «ግብረ ገብና ሃይማኖት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ለምን ወጣ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ልጃችን ይህን ያህል ዓመት ተምሮ ደብዳቤ ማንበብ ያቃተው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም የሚያርፉት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም በግዴታ የሚሰጡ የትምህርት ዓይነቶች ምን እንደ ሆኑና ግዴታው በማን ላይ እንደሚወድቅ ማወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

፩. «ግዴታ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ የትምህርት ዓይነት ግዴታ ነው የሚባለው ተማሪው በምርጫው ሊተወው የማይችል ሲሆን ነው። ይሁን እንጂ ግዴታው በልጁ ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጫን አይደለም። መንግሥት አንድን ትምህርት ግዴታ ሲያደርግ መምህር ሊመድብለት፣ መጽሐፍ ሊያሳትምለት፣ በሳምንቱ መርሐ ግብር ክፍለ ጊዜ ሊሰጠው ራሱን ጭምር ያስገድዳል። ወላጅም ልጁን በሰዓቱ ሊልክ፣ መማር አለመማሩንም ሊከታተል ይገደዳል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ትምህርቱ በወረቀት ላይ ግዴታ፣ በክፍል ውስጥ ግን ባዶ ስም ሆኖ ይቀራል።

፪. ከታሪክ የምናገኘው

የትኛው ትምህርት ግዴታ ይሁን የሚለው ጥያቄ በሀገራችን ከዘመናዊ ትምህርት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ የውጭው ትምህርት ሃይማኖትን ያናጋል የሚል ስጋት በቤተ ክህነት በኩል ነበረ። ስለዚህም መምህራኑ ከእኅት ቤተ ክርስቲያን፣ ከግብፅ ቅብጦች መካከል እንዲመጡ ተደረገ። ከአማርኛና ከግእዝ ጋር ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛና ጣልያንኛ፣ እንዲሁም ሒሳብና ሳይንስ በትምህርት ቤቱ ይሰጡ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥርዓተ ትምህርት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት የተነጋገሩበትና የተቀራረቡበት ነበር ማለት እንችላለን።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር፤ ይዘቱም ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀረበ ነበር። አረጋውያን አባቶቻችን «ቀረ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግብረ ገብ ተነሥቶ የፖለቲካ ትምህርት ገባ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተተካ። በቅርቡ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብ፣ ከዚያ በላይ የዜግነት ትምህርት ሆኖ ተከፍሏል።

ከዚህ የምንረዳው፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ የክፍለ ጊዜው ስምና ይዘት አብሮ እንደ ተለዋወጠ ነው። እያንዳንዱ ዘመን መልካም ሰው የሚለውን በዚያች ሰዓት ለመቅረጽ ሞክሯል። ዛሬ ግብረ ገብ በስሙ ተመልሷል፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ለሁሉም ልጆች የጋራ የሆነውን ምግባር እንጂ የአንድን ሃይማኖት ሥርዓት አይደለም። ስለዚህ «ግብረ ገብ ቀረ» ከማለታችን በፊት የልጆቻችንን የዛሬ መጽሐፍ ገልጠን ማየት ይገባናል።

፫. ዛሬ በግዴታ የሚሰጡት የትምህርት ዓይነቶች

አዲሱ አደረጃጀት 6፣ 2፣ 4 የሚባለው ነው፤ ይኸውም 6 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ ደረጃ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ማለት ነው። በክልላችን በመጀመሪያ ደረጃ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይሰጣሉ። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ የዜግነት ትምህርት፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ የሥራና ቴክኒክ ትምህርት ይጨመራሉ።

ዝርዝሩ በጎ ነው። ልጅ በአእምሮው ብቻ ሳይሆን በእጁ፣ በአካሉና በምግባሩም እንዲያድግ የታሰበበት ነው። ችግሩ ያለው ዝርዝሩ ከሚጻፍበት ቢሮ እስከ ደጋው የመማሪያ ክፍል ባለው መንገድ ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሁሉም ትምህርት እኩል አይታይም። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚጠይቁት ነገር በወላጅም በመምህርም ዘንድ ከፍ ብሎ ይታያል። ለሥነ ጥበባት ወይም ለሥራና ቴክኒክ የሠለጠነ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ይውላል፤ ወይም ተማሪው ሜዳ ላይ ያሳልፈዋል። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂም መብራትና ኮምፒውተር በሌለበት ክፍል በጥቁር ሰሌዳ ላይ በኖራ ይሣላል።

ሁለተኛ፣ የደጋው የእርሻ ሥራና የትምህርት ቤቱ መርሐ ግብር አይጣጣሙም። በልግ አብቃይ በሆኑ ቀበሌዎች ገብሱ የሚዘራው ተማሪው በክፍል መገኘት በሚገባው ወራት ነው። በግ ጥበቃውም ክረምት ከበጋ አይቋረጥም፤ እርሻ በበዓል ቀን ሲቆም እንኳ በጎቹ እረኛ ይሻሉ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀር ልጅ ከዓመቱ ትምህርት ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጥ እንደሚያጣ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤት በተደጋጋሚ ተዘግቷል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ ሀገሪቱ ትምህርት ተቋረጠ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ምክንያትም ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ዕድሜ ግን ትምህርት ቤት እስኪከፈት አይጠብቅም።

ውጤቱን በሀገር አቀፍ ደረጃ አይተነዋል። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ነበሩ። ይህ ውድቀት በ12ኛ ክፍል የተጀመረ አይደለም። የዓለም ባንክ እንዳስታወቀው በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው ሕፃናት 90 ከመቶ የሚሆኑት አጭርና ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ማንበብ የማይችል የ4ኛ ክፍል ልጅ ሰባት መጻሕፍት ቢሰጡት ሰባቱም ለእርሱ የተዘጉ ናቸው። የሒሳቡ ጥያቄ በጽሑፍ ነው፤ የአካባቢ ሳይንሱ በጽሑፍ ነው፤ ግብረ ገቡም በጽሑፍ ነው። ከግዴታዎች ሁሉ የሚቀድመው ግዴታ ንባብ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

፬. ከአብነት ትምህርት ቤት የምንማረው

ቤተ ክርስቲያናችን ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የራሷ የግዴታ ትምህርት ነበራት፤ ዛሬም አላት። በንባብ ቤት ሕፃኑ ሀሁንና አቡጊዳን ይለያል፤ ከዚያ ፊደለ ሐዋርያን፣ ወንጌለ ዮሐንስን፣ በመጨረሻም ዳዊትን ይማራል። ንባቡም በቁጥር፣ በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ይዘቱን ብቻ ሳይሆን የግዴታውን መለኪያ ጭምር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት «ስንት ዓመት ተማረ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «የት ደረሰ?» ይባላል እንጂ። የኔታ ልጁን ፊት ለፊት ሳይሰሙት ወደሚቀጥለው አያሻግሩትም። የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ በማስቀጸሉም የራሱን ያጸናል። በአንጻሩ በ1986ቱ ፖሊሲ አፈጻጸም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ ተደርጎ ነበር። ዓላማው ልጆች ተስፋ ቆርጠው እንዳይቀሩ ነበር፤ ነገር ግን በተከታታይ ሊደረግ የታሰበው ምዘናና እገዛ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሳይሟላ ሲቀር፣ ልጁ ሳያነብ ክፍል ቆጠረ።

ይህን ስንል የአብነት ትምህርት ቤት ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። ሒሳብንና ሳይንስን አያስተምርም። ሴቶች ልጆች የገቡበት በጥቂቱ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅም የግእዙን ትርጓሜ ሳያውቅ ቃሉን ብቻ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። ከአብነቱ ሰምቶ የማሻገርን ልማድ፣ ከመደበኛው የትምህርቱን ስፋት ወስዶ ልጁን በሁለቱም ማሳደግ ይሻላል።

ቅድሚያ መስጠት የሚቻል መሆኑን ሀገራችን አሳይታለች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለሚሊዮኖች ያቀረበው በመጀመሪያ ማንበብን፣ መጻፍንና ማስላትን ነበር። የዘመኑን የፖለቲካ ዓላማ ወደ ጎን ትተን አሠራሩን ብናይ፣ የሚያነብ ሰው ለማያነበው እንዲያስተምር ማድረጉ ለዛሬም የሚጠቅም ነው።

፭. የሕጉ ወሰን

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ደንግጓል። በአንቀጽ 27 ግን ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋማትን ማቋቋም እንደሚችሉ ፈቅዷል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ ሃይማኖትን ማስተማር የቤተ ክርስቲያንና የወላጅ ድርሻ ነው፤ ስፍራውም ዐውደ ምሕረቱ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱና የአብነት ጉባኤው ነው። ይህንን ድርሻ ሳንወጣ የመንግሥት መምህር እንዲሠራልን ብንጠብቅ የራሳችንን ግዴታ ለሌላ መስጠት ይሆንብናል።

፮. በየአጥቢያው ምን ማድረግ ይቻላል?

ሀ. ንባብ መስማት። በሰንበትና በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለየአንዳንዱ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ሰጥተው ከራሱ የአማርኛ መጽሐፍ እንዲያነብላቸው ያድርጉ። ልጁ የማንም ቤተሰብ ልጅ ይሁን፣ የሃይማኖት ልዩነት አይደረግበት። ያላነበበውን አይዝለሉት፤ ያነበበውን ምን ማለት እንደ ሆነ በራሱ ቃል ይጠይቁት።

ለ. በግ ጥበቃን በተራ ማድረግ። ጎረቤታሞች ተራ ቢገቡ ሁሉም ልጆች በየቀኑ ከመቅረት ይድናሉ። ሴት ልጅም ውኃ ለመቅዳትና ለቤት ሥራ ስትባል የቀረችበት ቀን እንደ ወንዱ ሊቆጠርላት ይገባል።

ሐ. የአብነት ተማሪዎችን መርዳት። የኔታና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ተነጋግረው የጉባኤው ሰዓት ከመደበኛው ፈረቃ ጋር እንዳይጋጭ ያድርጉ። ሒሳብ ያልተማረ ሊቅ ነገ የሰበካውን ሒሳብ ለመመርመር እንኳ ይቸገራል።

መ. መምህር ላጡ ትምህርቶች የአካባቢን እውቀት ማቅረብ። የጓሳን ሣር ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ በስምምነት እየከፈተ ጠብቆ አኑሮታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ጥበቃው በሕዝቡ ተሳትፎ ቀጥሏል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ለአካባቢ ሳይንስ፣ የጋራ ሕጉ ለዜግነት ትምህርት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የላቸውም። የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና የሚሠራ ባለሙያም በትምህርት ቤቱ ጥሪ የሥራና ቴክኒክ ክፍለ ጊዜውን ሕይወት ሊሰጠው ይችላል።

ሠ. የወላጅ ጥያቄ። ልጃችን ሲመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት «እስቲ አንብብልኝ» እንበል። ያልተማረ ወላጅ እንኳ ልጁ እየተንተባተበ ወይም እየተረዳ እንደሚያነብ በጆሮው ይለያል።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ካሉ የ4ኛ ክፍል ልጆች አንድ ገጽ አንብበው የሚተርኩ ስንት ናቸው? ቆጥረን እናውቃለንን?
2. በትምህርት ቤታችን መምህር የሌለው የግዴታ ትምህርት የትኛው ነው? ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አመልክተናልን?
3. ሃይማኖትን ለልጆቻችን የምናስተምርበት ቋሚ ሰዓት በአጥቢያችን አለን?

መልሱ «አይደለም» ወይም «የለም» በሆነበት ስፍራ ሁሉ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።