ከጡረታ በኋላ የጦር ሰፈሩ ጂም

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ በፎርት ቤልቯር የጦር ሰፈር በሲቪል ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ ወጣሁ። የሥራ መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። ጂሙንና ኮሚሰሪውን (የሰፈሩን የምግብ መደብር) መጠቀም እችላለሁ?
ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሥራ መታወቂያ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ሥራ ሲያበቃ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቅር አይበልዎ። በምትኩ ለመከላከያ ሲቪል ጡረተኞች የሚሰጥ ካርድ አለ። በሰፈሩ መታወቂያ ቢሮ ቀጠሮ ያስይዙና ሁለት መታወቂያና ጡረታ መውጣትዎን የሚያሳየውን ኤስኤፍ 50 ቅጽ ይዘው ይሂዱ። በኮንትራክተር ኩባንያ ተቀጥረው ከነበረ ግን ይህ ካርድ አይመለከትዎትም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ባለው ነው። ካርዱ ማንነትዎን ይመሰክራል እንጂ የመዝናኛ መብት አይሰጥም። ጂሙን፣ መዋኛውንና ቦውሊንጉን ለሲቪል ጡረተኞች መክፈት አለመክፈት በሰፈሩ አዛዥ ፈቃድ ነው፤ አንዱ ሰፈር የፈቀደውን ሌላው ሊከለክል ይችላል። ቦታ ሲጠብም ቅድሚያው የወታደሩ ነው። እኔ ብሆን ከመሄዴ በፊት የሰፈሩን መዝናኛ ክፍል በስልክ እጠይቅ ነበር።

ኮሚሰሪው በሲቪል ጡረታ ብቻ አይፈቀድም። ቀድሞ ወታደር ከነበሩና በአገልግሎት ምክንያት የደረሰ ጉዳት ተመዝግቦልዎት ከሆነ ግን፣ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ በኩል መብት ስላለ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ያነጋግሩ። ኤስኤፍ 50 ቅጹ ከጠፋብዎት የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎን የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቁ።