ለቅሶው ሚዛን ተፈሪ፣ ሐዘንተኛው ባሕር ማዶ

ሀገር ቤት መርዶ በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል። ውጭ ለሚኖር ሰው ግን ብዙ ጊዜ በስልክ፣ ባስ ሲልም በፌስቡክ ይደርሳል። ስለዚህ የሸኮ፣ የሚዛንም ሆነ የቴፒ ልጅ ከሆኑ ዛሬውኑ ከቤተሰብዎ ጋር ይስማሙ፤ የቅርብ ሰው ቢያርፍ መጀመሪያ የሚደወለው ለእርስዎ ሳይሆን እርስዎ ባሉበት ከተማ ለሚኖር አንድ ወዳጅ ይሁን። ወዳጅዎም ሁለት ሦስት ሰው አስከትሎ ቤትዎ ይምጣ። ብቻዎን፣ ሥራ ቦታ መርዶ መስማት የለብዎትም።

ቀጥሎ እድር ነው። በሚኖሩበት ከተማ እድር መኖሩን ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከመስጊዱ ወይም ከኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማዕከል ይጠይቁ። ከመመዝገብዎ በፊት ደንቡን ያንብቡ። ሀገር ቤት ለሞተ ወላጅ ይከፍላል ወይስ ለአባሉ ብቻ? አስከሬን ወደ ሀገር የመላክን ወጪስ ይሸፍናል? አዲስ አባል እስከ መቼ መጠበቅ አለበት?

ቀብር አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይፈጸማል፤ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ሚዛን መድረስም ረጅም መንገድ ነው። ቀብር ላይ ልድረስ ብሎ ተበድሮ ትኬት ከመቁረጥ፣ ልማዱ ባለበት ቤት ለአርባው ተዘጋጅቶ መሄድ ይሻላል እላለሁ። እስከዚያ ቤትዎ ለቅሶ ይቀመጡ፤ ሰው ይምጣ።

ሐዘኑ መሐል የሚረሳው ወረቀቱ ነው። በወሳኝ ኩነት ሕግ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ስለዚህ ሀገር ቤት ያለ አንድ ዘመድ ቀበሌ ሄዶ እንዲያስመዘግብ ይንገሩት። የውርሱን ጉዳይ ለሚከታተልልዎ ሰው ውክልና ለመስጠት ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሂዱ፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። አድራሻ ላይ ይጠንቀቁ። ሚዛንና ሸኮ በቤንች ሸኮ ዞን፣ ቴፒ ደግሞ በሸካ ዞን ናቸው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በ2014 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የቆየ የይዞታ ደብተር ላይ ደቡብ ክልል፣ ወይም በቀድሞው የዞን ስም ቤንች ማጂ ተብሎ ሊገኝ ይችላል። የቡና ማሳ ካለ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ወንድማማች የሚጣላው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ወራሽነቱን እያወቀ፣ ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መያዙንም እያወቀ ሦስት ዓመት ዝም ያለ ሰው የውርስ ክሱ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል።

እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ሥራ ሲያቅት ባለሙያ ማነጋገር ነውር አይደለም። እንግሊዝ ክሩስ የተባለው የሐዘንተኞች ድርጅት በነጻ ይረዳል። አሜሪካ ታማሚው በሆስፒስ እንክብካቤ ሥር አርፎ ከሆነ፣ ድርጅቱ ቤተሰቡን ከሞቱ በኋላም ማጽናናት አለበት። እዚያው አሜሪካ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ 988 ይደውሉ። የትም ቢሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ ከቀጠሮው በፊት ይጠይቁ፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ።