ለመካከለኛው ዘመን አልባሳት የሚሆን የቀለበት ጥሩር አመራረጥ

የቀለበት ጥሩር በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የብረት ቀለበቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው የሚሠራ የጦር ልብስ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቀለበት በአራት ጎረቤቶቹ ውስጥ ያልፋል። ለቴአትር፣ ለፊልም ወይም ለታሪክ ትርኢት ጥሩር ሲመረጥ ስሕተት የሚበዛው አምስት መቶ ዓመት እንደ አንድ ወቅት ሲታይ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የልብሱ ርዝመት፣ እጅጌውና የቀለበቱ አዘጋግ ተለዋውጠዋል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ክፍለ ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ዘመኑንና ማዕረጉን መወሰን

በመጀመሪያ ገጸ ባሕርዩ የኖረበት ክፍለ ዘመን፣ አገሩና ማዕረጉ ይጻፋል። ጥሩር ውድ ዕቃ ስለነበር ሙሉውን የሚለብሰው ባላባት ነበር፤ ብዙ እግረኛ ግን በወፍራም የስፌት ካፖርት ብቻ ይዘምት ነበር። ጥሩር ከአባት ለልጅ ይተላለፍ፣ ከጦር ሜዳም ይማረክ ስለነበር፣ ድሃ ወታደር ከዘመኑ የቀደመ ጥሩር ቢለብስ ያስኬዳል። ገና ያልተሠራ ዓይነት ማልበስ ግን አያስኬድም።

2. ቅርጹን ከዘመኑ ጋር ማዛመድ

11ኛው ክፍለ ዘመን፦ የ1066ቱን የሄስቲንግስ ውጊያ በሚያሳየው የባዮ ጥልፍ ላይ ፈረሰኞች እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥሩር ለብሰዋል። እጅጌው ክርን አካባቢ ያበቃል፤ ለፈረስ ግልቢያ እንዲመች ታችኛው ክፍል ከፊትና ከኋላ የተሰነጠቀ ነው። የራስ ቁሩ ሾጣጣ ሆኖ አፍንጫን የሚከልል ዘንግ አለው።

ከ12ኛው መጨረሻ እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን፦ እጅጌው እስከ እጅ ጫፍ ረዝሞ ከጓንት ጋር ይያያዛል፤ እግርም በቀለበት ይሸፈናል። በ1240ዎቹ አካባቢ ፈረንሳይ ውስጥ የተሣለው የማቺየዮቭስኪ መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ዘመን ጥሩ ምስክር ነው። ከጥሩሩ በላይ እጅጌ የሌለው የጨርቅ መደረቢያ ይለበሳል።

14ኛው ክፍለ ዘመን፦ የብረት ላሜራ ደረትን፣ ክንድንና እግርን እየሸፈነ ሲመጣ ጥሩሩ ያጥራል። በባሲኔት የራስ ቁር ዙሪያ አንገትንና ትከሻን የሚከልል የቀለበት መጋረጃ ይንጠለጠላል። በ1361 በጎትላንድ ደሴት፣ ቪስቢ አጠገብ የወደቁ ተዋጊዎች መቃብር ሲቆፈር ከነራስ ሽፋናቸው የተቀበሩ ተገኝተዋል፤ ይህም ለእግረኛ ገጸ ባሕርይ ጠቃሚ ማስረጃ ነው።

15ኛው ክፍለ ዘመን፦ ሙሉ የላሜራ ትጥቅ ለለበሰ ባላባት ቀለበት የሚያስፈልገው ክፍተት ባለበት ቦታ ነው፤ ብብት፣ የክንድ መታጠፊያ፣ አንገትና ከወገብ በታች። እነዚህ ቁርጥራጮች ከውስጥ ልብሱ ጋር ይሰፋሉ ወይም ይታሰራሉ።

3. የቀለበቱን አዘጋግ መመርመር

በገበያ ላይ ርካሹ ጥሩር የሽቦው ሁለት ጫፎች በፒንሳ ተገጣጥመው ብቻ የቀሩበት ነው። ይህ ለአውሮፓ ተዋጊ ትክክል አይደለም፤ በጦር ጫፍ ሲወጋ ቀለበቱ ይከፈታል። በእውነተኛው አሠራር የሽቦው ጫፎች ተጠፍጥፈው ይደራረባሉ፣ ይበሳሉ፣ ከዚያም በትንሽ ሪቬት ይቆለፋሉ። በቀደሙት ክፍለ ዘመናት አንዱ ረድፍ ባለ ሪቬት፣ ቀጣዩ ደግሞ እንደ ሮንዴላ መጋጠሚያ የሌለው ድፍን ቀለበት ሆኖ ይፈራረቅ ነበር። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሁሉም ቀለበቶች በሪቬት የተዘጉበት ጥሩር እየተለመደ መጣ። በአጠቃላይ ክብ ሪቬት ለቀደመው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሪቬት ለኋለኛው ዘመን ይስማማል።

4. መጠኑንና ብረቱን መለካት

ለአብዛኛው ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው፣ ከ1 እስከ 1.6 ሚሊሜትር ከሚወፍር ሽቦ የተሠራ ቀለበት ተስማሚ ነው። ከዚህ በጣም የሰፋ ቀለበት ከሩቅም ቢሆን የአጥር ሽቦ ይመስላል። ትክክለኛው ማዕድን ያልተለበጠ ብረት ነው፤ ናስ ለጠርዝ ጌጥ ይገባል። አሉሚኒየም በቅለቱ፣ የማይዝግ ብረት በብልጭታው፣ ዚንክ የተለበጠው ደግሞ በደበዘዘ ግራጫ መልኩ ይታወቃል። ማግኔት ማስጠጋት አሉሚኒየምን ወዲያው ይለያል። ተመልካቹ ሩቅ በሆነበት መድረክ በብር ቀለም የተቀባ የሹራብ ክር ሊበቃ ይችላል፤ ለቅርብ ቀረጻ ግን አይሆንም።

5. ከውስጥ ልብሱ ጋር መለካት

ጥሩር ስለትን ቢያግድም የዱላና የመዶሻን ምት አያበርድም። ስለዚህ ከሥሩ ከተልባ እግር ጨርቅ ተደራርቦ የተሰፋ ወይም ውስጡ የታጨቀ ጋምቤሰን ይለበሳል። የደረት ልክ የሚወሰደው ይህ ከተለበሰ በኋላ ነው፤ ለባሹ ክንዱን አንሥቶ ጎንበስ ማለት እንዲችል ትርፍ ይተዋል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ባለ ሪቬት ጥሩር 10 ኪሎግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ወገብ ላይ ቀበቶ ጠበቅ ተደርጎ ጥሩሩ ከላዩ ትንሽ ከተነፋ፣ ከትከሻ የሚነሣው ሸክም ለዳሌ ይካፈላል።

6. የመጨረሻ ፍተሻና አያያዝ

ከመግዛት በፊት ጥሩሩ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የተሰበረ ቀለበትና የላላ ሪቬት ይፈለጋል፤ ብብትና አንገት በተለይ ይታያሉ። ቆዳ የሚቧጭር ሹል የሪቬት ጫፍ በሞረድ ይስተካከላል። ያልተለበጠ ብረት ላብና እርጥበት ካገኘው ስለሚዝግ፣ ከተለበሰ በኋላ ደርቆ ስስ ዘይት ይቀባል። የዛገ እንደሆነ ደረቅ አሸዋ ባለበት በርሜል ውስጥ ይንከባለላል፤ ይህ በመካከለኛው ዘመንም የታወቀ የማጽጃ ዘዴ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ክብደቱ ቀለበቶቹን እንዳይጎትት ሳይሰቀል ይጠቀለላል።