«ሽሮ ነው የበላሁት»፦ ስለ ጫካ እንጉዳይ እና ስለ 6ቱ ሰዓታት



ክረምቱ ገብቷል። እኔ በምሠራበት በኮልፌ ቀራንዮ ዝናቡ ሲበረታ ከጉንፋንና ከተቅማጥ ጋር አብሮ የሚመጣ ጥያቄ አለ። በውስጥ መስመር ፎቶ ትልኩልኛላችሁ። ከሥሩ «ዶክተር፣ ይሄ እንጉዳይ ይበላል?» የሚል አለ። ከወጣቶቹ ደግሞ «ዶክተር፣ ያ የሚያሳየው እንጉዳይ ይሄ ነው እንዴ?» የሚል ይመጣል። ቲክቶክ ላይ አይታችሁት እንደሆነ አውቃለሁ።

ፎቶ አይቼ አልመልስም። በምትኩ ዛሬ ሰዓት መቁጠር አስተምራችኋለሁ። ለምን እንደሆነ ከራሴ ስህተት ልጀምር።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው (የቤተሰቡን ማንነት ለመጠበቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት የ19 ዓመት ልጃቸውን ደግፈው ገቡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ነው ያደረው። እንደ ወጉ «ምን በላህ?» አልኩት። እናቱን ቀና ብሎ አየና «ሽሮ ነው የበላሁት» አለኝ። እናትየውም «እውነቱን ነው ዶክተርዬ፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ነው የበላነው» አሉ።

ሁሉም ከአንድ ትሪ በልተው አንድ ሰው ብቻ ከታመመ ጥፋቱ የሽሮው አይደለም። ይህን ያኔ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ግሉኮስ ሰጥቼ፣ ኦ አር ኤስ አዝዤ ወደ ቤት ላክሁት።

ማክሰኞ እናትየው ደወሉ። «ተመስገን፣ ተሽሎታል፤ ምግብም ቀምሷል» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ተመልሰው መጡ። የልጁ ዓይን ቢጫ ሆኗል። ሽንቱ እንደ ወፈረ ሻይ ጠቁሯል። እናትየውን ካርድ ክፍል ላክኋቸውና በሩን ዘጋሁ። «ወንድሜ፣ እዚህ እናትህም ፖሊስም የለም። እሁድ ምን ወሰድክ?» አልኩት።

ነገረኝ። እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከአስኮ በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገብተው፣ ቪዲዮ ላይ ያዩትን የሚመስሉ ትናንሽ ቡናማ እንጉዳዮች ከበሰበሰ ጉቶ ላይ ለቀሙ። ጓደኞቹ ጣዕሙን ጠልተው ተፉት፤ እሱ ዋጠው። አንድ ሰዓት ጠበቁ። ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ምንም ነገር የለም። «ፌክ ነው» ብለው ተሳስቀው ተለያዩ። ማስመለስ የጀመረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው።

ከ10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስንት ነው? 8 ሰዓት። ሰኞ ጠዋት ይህን ቁጥር ባውቅ ኖሮ ልጁን ወደ ቤት አልልከውም ነበር።

ሰዓቱ ምን ይነግረናል?

ወጣቶቹ የሚፈልጉት ሲሎሳይቢን የተባለውን ንጥረ ነገር ነው። የስዊሱ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1958 ከሜክሲኮ እንጉዳይ ለይቶ ያወጣው ነው። አእምሮ ላይ የሚሠራው ቶሎ ነው፦ ብዙውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ በ6 ሰዓት ገደማ ያበቃል።

ሰው የሚገድሉት እንጉዳዮች ግን አይቸኩሉም። በጣም የሚያስፈራን መርዝ አማቶክሲን ይባላል። ፈረንጆቹ «የሞት ቆብ» በሚሉት እንጉዳይ ውስጥ አለ። እንጨት ላይ በሚበቅሉና ጋለሪና በሚባሉ ትናንሽ ቡናማ እንጉዳዮች ውስጥም አለ። በሌላው ዓለም «የሚያሳየውን» ፍለጋ የወጡ ሰዎች በስህተት ከሚለቅሟቸው አንዱ ይኸው ጋለሪና ነው። ይህ መርዝ በሦስት ደረጃ ይመጣል፦

1. ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ፦ ኃይለኛ ማስመለስ፣ ቁርጠት፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ።
2. በሁለተኛው ቀን ገደማ፦ የተሻለው ይመስላል። ይበላል፣ ይስቃል። ጉበቱ ግን ውስጥ ለውስጥ እየሞተ ነው። የእኔ ታካሚ ማክሰኞ ላይ የነበረው እዚህ ነው።
3. ከ2 እስከ 4 ቀን፦ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ደም አልረጋ ይላል፣ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ጉበትና ኩላሊት ሥራ ያቆማሉ።

ስለዚህ ይህን በቃላችሁ ያዙ፦ እንጉዳይ ከተበላ 6 ሰዓት አልፎት የጀመረ ማስመለስ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የጉበት አደጋ ነው።

ቶሎ የጀመረ ማስመለስስ? በአብዛኛው ቀለል ያለ ነው፤ ግን አትዘናጉ። አንድ ፌስታል ውስጥ ሁለት ዓይነት እንጉዳይ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ ይሠራል። ኩላሊትን የሚጎዱና ምልክታቸው ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት የሚዘገይም አሉ።

አንድ የእኛ አገር ጣጣ ልጨምር። የእኛ ሰዓትና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነቱ 6 ነው፤ እኛ የምንፈራው ወሰንም 6 ሰዓት ነው! ስልኩ በፈረንጅ የሚቆጥር ልጅ «10 ሰዓት ላይ በላሁ» ሲል ሐኪሙ በሐበሻ ከቆጠረው ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል። ስለዚህ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» እያላችሁ ግልጽ አድርጉ።

«የጅብ ጥላ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም

አባቶቻችን ሜዳ ላይ የሚፈላውን እንጉዳይ «የጅብ ጥላ» ብለው ትተውት ያልፉ ነበር። በደቡብ ምዕራብ እንደ መዠንገር ያሉ ሕዝቦች ከጫካ ለቅመው የመብላት የቆየ ልምድ አላቸው። እነሱ ግን የትኛው፣ የት፣ መቼ እንደሚበላ ከልጅነታቸው ከታላላቆቻቸው ጋር እየሄዱ ነው የሚማሩት። እኛ የከተማ ሰዎች ያለን የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ ነው።

ደግሞም የእኛ ጫካ ዛፉ እንግዳ ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ችግኝ ሲጓዝ ፈንገስ አብሮ ይጓዛል። «የሞት ቆብ» ከአውሮፓ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ የደረሰው ከዛፍ ሥር ጋር ነው። አያቶቻችን የማያውቁት እንጉዳይ ዛሬ ከዛፋችን ሥር ሊበቅል ይችላል ማለት ነው።

ከሰፈር የምሰማቸውን «መለያዎች» ደግሞ አንድ በአንድ ልመልስ፦

- «ከብት ከበላው ለሰውም ይሆናል።» አይሆንም። ለእንስሳ ያልጎዳ ለሰው መርዝ ሊሆን ይችላል።
- «ከብር ማንኪያ ወይም ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቅለህ ካልጠቆረ ሰላም ነው።» ውሸት ነው።
- «በደንብ ከተቀቀለ መርዙ ይጠፋል።» አማቶክሲን በመቀቀል፣ በመጥበስም ሆነ በማድረቅ አይጠፋም።
- «አፕሊኬሽኑ ለየልኝ።» ስልክ ሽታውን፣ ከአፈር ሥር ያለውን ክፍልና የዘሩን ቀለም አያይም። ሙያተኞች የሚለዩት ግን በእነዚህ ነው።

እንጉዳይ ካማራችሁ በእርሻ የሚመረተው ገበያ ላይ አለ፤ ለጾምም ግሩም ነው።

«ግን ለድባቴ መድኃኒት ነው ይባላል እኮ?»

ይህን ጥያቄ አልንቀውም። የሚጠይቁኝ ልጆች ብዙዎቹ ደስታ ፈልገው ሳይሆን ጭንቀት አላስተኛ ብሏቸው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሲሎሳይቢን በመድኃኒት ላልተሻለ ድባቴ እየተጠና ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናቱ እንዲፋጠን ፈቅዷል። አውስትራሊያም ከሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች እንዲያዙት አድርጋለች።

እዚያ የሚሰጠው ግን በላብራቶሪ የተሠራ፣ በሚሊግራም የተመጠነ ነው። ባለሙያዎች ለሰዓታት አጠገብ ይቀመጣሉ። በቤተሰቡ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ከጥናቱ ይወጣል። ከጉቶ ላይ የተለቀመ ነገር ከዚህ ጋር የሚያገናኘው የለም። በአገራችንም የአደንዛዥ ዕፅና የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች ጉዳይ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የሚያስጠይቅ ነው። ድባቴ ካለባችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ የሚታከም በሽታ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አጤ ፋሪስን ላንሳ። አንዳንዶቻችሁ «አስተናግር» ትሉታላችሁ። በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ነው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ያስለፈልፋል። ፍሬውን የወሰደ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ሽንት እምቢ ይለዋል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ልብንም ያውካል፤ ይገድላል። «ለክፎት ነው» ብላችሁ ቤት አታቆዩት፤ ወደ ሐኪም አምጡት።

ከተበላ ምን ይደረግ?

1. ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ። ባትታመሙም ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ። ቶሎ ከተደረሰ መርዙን የሚይዝ ከሰል (ቻርኮል) ይሰጣል። በኋላ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል።
2. ሁለት ሰዓት ጻፉ፦ የበላችሁበትንና ሕመሙ የጀመረበትን።
3. የተረፈውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልላችሁ አምጡ። ፌስታል ያበሰብሰዋል። ካልተረፈ ያስመለሰውንም ቢሆን አምጡ።
4. በግድ አታስመልሱ። ወተት፣ ሎሚ፣ አረቄ አትስጡ። መርዙን አያረክሱም፤ ሰዓቱን ግን ይበላሉ።
5. አብረው የበሉትን ሁሉ ጥሩ፤ ደህና ነኝ ያለውንም ጭምር።
6. ማስመለሱ ቢቆምም የጉበት ምርመራው በየቀኑ ይደገም።
7. ራሱን ከሳተ ወይም ካንቀጠቀጠው 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 ደውሉ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ወላጆች፦ ሐኪሙ «እስቲ ለብቻው ላነጋግረው» ሲላችሁ ቅር አይበላችሁ። ልጃችሁ የዋሸው ስለናቃችሁ አይደለም፤ ስለሚያፍራችሁ ነው። ቁጣው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይዳን።

ወጣቶች፦ እኔ ሐኪም እንጂ መርማሪ አይደለሁም። የምትነግሩኝን ለማከሚያ ነው የምፈልገው፤ ምስጢር መጠበቅም የሙያዬ ግዴታ ነው። «ሽሮ ነው» ብላችሁ የምታተርፉት አንድ ቀን ነው፤ ያቺ ቀን ደግሞ የጉበታችሁ ናት።

ልጁስ? በዚያው ረቡዕ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክሁት። ጉበትን ለመታደግ የሚሰጠው አሴቲልሲስቴይን የተባለ መድኃኒትና ግሉኮስ ቀንና ሌሊት ተሰጠው። ጓደኞቹንም ጠርተን መረመርናቸው፤ የአንደኛው የጉበት ምርመራ በትንሹ ከፍ ብሎ በሳምንቱ ወረደ። እሱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተኝቶ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ድኖ ወጣ። የጉበት ንቅለ ተከላ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሁሉም አያገኘውም።

ከዚያ ወዲህ ሆዱን ያመመው ወጣት ሲመጣ «ምን በላህ?» ብቻ ብዬ አላበቃም። «ስንት ሰዓት ላይ?» እላለሁ። እናትየው ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ይቆያሉ።

ይህን ጽሑፍ ለቤተሰብ ግሩፕ ሼር አድርጉት። ዝናቡ ገና ነው።

መልካም ጤንነት!