በፈረንሳይ ገጠር በእግር

በእግር መሄድ ለገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ገበያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ለቅሶ ቤቱ ሁሉ የሚደረሰው በእግር ነው። ታዲያ መኪናና ባቡር በሞላበት አገር ሰው ወዶ በእግሩ የሚጓዘው ለምንድን ነው? እስቲ የፈረንሳይን ገጠር እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳይ በአውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። በገጠሯ ከ60,000 ኪሎ ሜትር በላይ ምልክት የተደረገበት የረጅም ጉዞ የእግር መንገድ አለ። ብዙው አዲስ የተጠረገ አይደለም። ጥንት ገበሬ ወደ እርሻው፣ እረኛ ወደ ተራራ ግጦሽ፣ ተሳላሚ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደበት ነው። ምልክት መቀባት የተጀመረው በ1947 ነው። ምልክቱ ሁለት አጫጭር መስመር ነው፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ። በዛፍ፣ በድንጋይ፣ በግንብ ላይ ይቀባል። ነጩና ቀዩ ከተጠላለፈ «በዚህ አትሂድ» ማለት ነው። ቀለሙ ሲደበዝዝ በጎ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ ያድሱታል። መንገደኛውም ላም በተሰማራበት መስክ ሲያልፍ የከፈተውን በር መልሶ ይዘጋል። ይህን የማያደርግ መንገደኛ የትም አገር ቢሆን በገበሬ ዘንድ አይወደድም።

በደቡብ ሴቬን የሚባል ተራራማ አገር አለ። በ1878 ስቲቨንሰን የተባለ የስኮትላንድ ደራሲ ጓዙን በአህያ ጭኖ በ12 ቀን አቋረጠው፤ ጉዞውንም በመጽሐፍ ጻፈ። አህያዋ ሞዴስቲን ትባላለች። አልራመድም እያለች አሳሩን አበላችው፤ ጭነቱም እየተንሸራተተ አስቸገረው። እንደኛ ሐሳብ፣ አህያ መጫን የሚያውቅ አንድ ገበሬ አብሮት ቢኖር ኖሮ ከመጽሐፉ ብዙ ገጽ በቀነሰ ነበር!

የሴቬን ገበሬ በተዳፋቱ ላይ የድንጋይ እርከን ይሠራ ነበር። እህል በደንብ በማይበቅልበት ቦታ ሻታኝ የተባለውን ዛፍ ይተክል ነበር። ፍሬውን በትንሽ ጎጆ ውስጥ በጭስ አድርቆ፣ ፈጭቶ ወይም ቀቅሎ ይመገበው ነበር። ስለዚህ «የዳቦ ዛፍ» ይሉታል። እርከኑም ጎጆውም ዛሬ ይታያል፤ ብዙው ግን ባለቤት የለውም። ሰዉ ኑሮ ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ከሰል ማዕድን ወርዷል።

ከሴቬን በስተምዕራብ ኮንክ የምትባል አሮጌ ከተማ አለች። ከጥንት ጀምሮ በእግር የሚጓዙ ተሳላሚዎች ያርፉባታል። በቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ላይ በ12ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ የተቀረጸ የፍርድ ቀን ሥዕል አለ። ባንድ ወገን ገነት፣ በሌላው ሲኦል ነው። ትዕቢተኛው ፈረሰኛ ከነፈረሱ ተገልብጦ ሲወድቅ፣ ገንዘብ ወዳዱ ከረጢቱን ባንገቱ እንዳንጠለጠለ ተሰቅሎ ይታያል። በቅርጹ መካከል በላቲን ቋንቋ የተቀረጸ ጽሑፍም አለ። ሥዕሉን ሁሉም ሰው ያያል። ጽሑፉን ግን የሚያነቡት ካህናትና ጥቂት የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ገበሬው እነሱ «እንዲህ ይላል» ያሉትን ሰምቶ ይሄዳል።

በየመንደሩ አደባባይ ደግሞ ሌላ ድንጋይ ቆሟል። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት የሞቱ የመንደሩ ልጆች ስም ተጽፎበታል። በዚያ ጦርነት ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የፈረንሳይ ወታደሮች አልቀዋል፤ ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ድንጋዩን ብቻ ያያል። በእግሩ የመጣው ግን ጓዙን አውርዶ ውሃ እየጠጣ ስሞቹን አንድ በአንድ ያነባል። አንዳንድ ቦታ አንዱ የቤተሰብ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይገኛል።